እጀታው ቀርቶ ሽጉጡ ጠፋ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የሲያትል ዝናብ ሊጀማምረው ሲል ነው። ነገሩ የጠፋ ሽጉጥ ነገር ነው፤ ትዝ የሚለኝ ግን ሽጉጥ ስይዝ ሳይሆን ካውያ ስሰካ ነው። ለምን እንደሆነ አንብባችሁ ስትጨርሱ ይገባችኋል።

ሰናይት እባላለሁ፤ የምኖረው ሾርላይን ነው። ሥራዬ ቤልቪው በሚገኝ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሞረድና መወልወል ነው። ባሌ ጌታሁን አውቶቡስ ይነዳል። «አንቺ ሴት ተጠራጣሪ ነሽ» ይለኛል። ነኝ፣ አልክድም። እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ። በሽታው ከእሷ ነው።

ሌላው ሰው ቅዳሜ ሲመጣ ይተኛል፣ ወይ ዘመድ ይጠይቃል። እኔ እተኩሳለሁ። ያስጀመረችኝ አንዲት ፈረንጅ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ሊንውድ አካባቢ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ይዛኝ ሄደች። የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱን እንኳን አልነካሁትም። ግን ጆሮዬን ሸፍኜ፣ ትንፋሼን ይዤ ስቆም ከፊቴ ካለችው ዒላማ በቀር ምንም አላሰብኩም። ስልክ የለ፣ ቢል የለ፣ ባል የለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመኝ!

የምወደው ሪቮልቨሩን ነው፤ የድሮ ሰዎች ስድስት ጎራሽ የሚሉትን። ጥይቱን አንድ በአንድ በእጄ ነው የማጎርሰው፣ ያለውንም የሌለውንም በዓይኔ አየዋለሁ። ለተጠራጣሪ ሰው የተሠራ ሽጉጥ ነው ብል አላጋነንኩም። አሮጌ ሽጉጥ እገዛና ምላጩ ሲሳብ እንዳይንገጫገጭ ውስጡን አጸዳለሁ፣ ብረቱን እወለውላለሁ። ከሁሉ የምወደው ግን አዲስ የእንጨት እጀታ መሥራት ነው። ቀኑን ሙሉ ጥርስ ሲሞርድ ለሚውል እጅ እንጨት ምን አለው?

ካሉኝ ሁሉ አንዷን እለያታለሁ። አፈሙዟ አጭር፣ ወገቧ ወፍራም ስለሆነች ድንቡሼ ብዬ ነው የምጠራት። በዚያ ሰሞን አዲስ እጀታ እየሠራሁላት ነበር። ማድሮና የሚሉት፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ቀይ ግንዱ የሚወጣ ዛፍ አለ በዚህ አገር። አንዱን ንፋስ ጥሎት መንገዳችን ላይ ተጋድሞ ሳገኘው ቅርንጫፉን ጎትቼ ቤት አስገባሁ። ከርሞ ደረቀና በሞረድ ቀረጽኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ የተልባ ዘይት ደጋግሜ ቀባሁት። መልኩ የማር መልክ ሆነ። ጌታሁን «ይህን ያህል እኔን ብታሺኝ ወገቤ ይድን ነበር» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ቤት ውስጥ አራት ሰው ነን። ሦስተኛዋ ማሂ ናት፣ ጌታሁን ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት። እዚሁ ሲያትል ተወልዳ ከእናቷ ጋር ነው ያደገችው፤ ኮሌጁ ስለሚቀርባት እኛ ጋ ገባች። አማርኛዋ የጓዳ አማርኛ ነው። ብሉ ጠጡ ታውቃለች፣ ከዚያ ከበድ ሲል በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። የእንጀራ እናት ነኝና በጥንቃቄ ነው የያዝኳት፤ ስትወጣ ስትገባ ፊቷን ነው የማየው።

ሽጉጥ አትወድም። አንድ ቅዳሜ «ልተኩስ ነው የምሄደው፣ ነይ አብረን እንሂድ» ብላት ፊቷ ተለዋወጠ። በኋላ አባቷ እንደነገረኝ፣ ልጅ ሆነው ትምህርት ቤት ታጣቂ ቢገባ እያሉ መብራት አጥፍተው፣ ዴስክ ሥር ተደብቀው ልምምድ ያደርጉ ነበር። ዳግመኛ አልጠየቅኋትም።

አራተኛው ብሩክ ነው፣ የጌታሁን የአጎት ልጅ። በዲቪ ከደሴ መጥቶ እስኪቋቋም እኛ ጋ ያረፈ ልጅ ነው፤ ኤርፖርት አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በሌሊት ሺፍት ይሠራል። እንደ አገሩ ወግ እኔን «እትዬ» እና «እርስዎ» ነው የሚለኝ። ተው አታስረጀኝ ብለው እሺ ይልና ያንኑ ይደግመዋል።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ቤልቪው ሰርግ ነበረብን። የሙሽራው አባት የጌታሁን አብሮ አደግ ስለሆነ ጌታሁን ከፊት ከሚቀመጡት ውስጥ ነው። ሱቱን ድራይ ክሊን አስገባለሁ ብሎ ከወሰደው ቆይቷል። ሐሙስ ከሥራ ስገባ ጠየቅኩት። ለካ ከመኪናው ትራንክ አልወጣም፤ ከጎማ መፍቻው ሥር እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ነው የከረመው! እንዴት እንደተናደድኩ አትጠይቁኝ።

ንዴቴን ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ድንቡሼን አውጥቼ የድሮ እጀታዋን ፈታሁ። አዲሱን የመጨረሻ ዘይቱን ቀብቼ እንዲደርቅ ጋዜጣ ላይ አስቀመጥኩት። ድንቡሼን እርቃኗን እንደሆነች ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ላይ በብሎን በታሰረው የብረት ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት። ቁልፉ ከቤትና ከመኪና ቁልፌ ጋር አንድ ላይ ነው።

ይሄኔ ሊንውድ ያለችው እህቴ ኤልሳ ደወለች። ስለ ሰርጉ ስታወራኝ እኔ የሆዴን ዘረገፍኩላት። ስለ ሱቱ፣ ስለ ትራንኩ፣ ስለ ባሌ ዝርክርክነት ሳወራ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ ያልኳትን አልረሳውም። «ሰለቸኝ እኮ! እስከ መቼ እችለዋለሁ? በቃ፣ የጌታሁንን ዛሬ ተኩሼ እገላገላለሁ።» ኤልሳ ስቃ ዘጋችው።

ዘወር ስል ማሂ የውሃ ብርጭቆ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ምን ፈለግሽ የኔ ቆንጆ?» አልኳት። «ናቲንግ» ብላ ተመለሰች። ቁልፎቼን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጥዬ መኝታ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁና ሱቱን ስታገለው አመሸሁ። ስወጣ ማሂ ሳሎን ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ቲቪ ከፍታ ተጋድማለች። ክፍልሽ ምን ሆነ ስላት እንቅልፍ እምቢ አለኝ አለች። የእኛ መኝታ ቤት በር ከሶፋው ፊት ለፊት ነው።

ዓርብ ከሥራ ስመለስ ብሩክ ከቤት ሲወጣ ደረስኩ። ትልቅ ጥቁር ቦርሳ ትራንኩ ውስጥ እያስገባ ነበር። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው ደንገጥ ብሎ «ላውንደሪ ነው እትዬ» አለኝና መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ላውንደሪ? ማጠቢያ ማሽን ቤታችን ውስጥ አለ አይደል እንዴ? አልኩ በሆዴ።

ጋራዥ ገባሁ። እጀታው ደርቆ አምሮበታል። ለድንቡሼ ልገጥምላት ሣጥኑን ከፈትኩ። የለችም።

ሌሎቹ በየቦታቸው አሉ። ጥይቱም አልተነካም። ሣጥኑ አልተሰበረም፣ እንደተቆለፈ ነው ያገኘሁት። እሷ ብቻ የለችም። ምናልባት ሌላ ቦታ አስቀምጬ እንደሆነ ብዬ መሳቢያውን፣ መደርደሪያውን፣ ቦርሳዬን ሳይቀር በረበርኩ። እንዳስገባኋት ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ እኔ የቆለፍኩትን ደግሜ ስቤ ሳላይ የምሄድ ሰው አይደለሁም።

ሽጉጥ ሲጠፋ ቦርሳ እንደጠፋ አይደለም። በስሜ የተመዘገበች ናት። የሆነ ቦታ ሰው ቢገደልባት ፖሊስ የሚያንኳኳው የኔን በር ነው። እዚህ ደግሞ ሽጉጡ የጠፋበት ሰው ቶሎ ሪፖርት ማድረግ አለበት። ሪፖርት ሳደርግ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን አውቀዋለሁ፦ ቤትሽ ውስጥ ማን አለ?

ነገሩን አገላብጬ አየሁት። መቆለፊያው ስላልተሰበረ የውጭ ሌባ አይደለም። ቁልፌን የሚያውቅ ሰው ነው፣ ከፍቶ ወስዶ መልሶ የቆለፈ። ያልገባኝ እጀታው ነው። እጀታ የሌለው ሽጉጥ ለሌባ ምን ያደርግለታል? እጀታው እዚያው አፍንጫው ሥር ተቀምጦ ሳለ ለምን ተወው? እንግዲህ ወይ ቸኩሏል፣ ወይ ስለ ሽጉጥ ምንም አያውቅም አልኩ።

ስለ ሽጉጥ የማያውቅ፣ ግን የሚፈልግ። ብሩክ! ባለፈው እሁድ ጋራዥ መጥቶ ድንቡሼን አስይዙኝ ብሎኝ ነበር። ባዶ መሆኗን አሳይቼ አስያዝኩት። ፎቶ ያንሱኝና ለጓደኞቼ ልላክ ሲለኝ ግን አይሆንም አልኩ። እዚህ አገር ስንት እንደምታወጣ፣ ማንም ሰው መግዛት ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ የወጣት ወሬ ነው ብዬ ነበር። አሁን እያንዳንዱ ጥያቄ ሌላ ትርጉም እያበጀ መጣብኝ። ደግሞ ያ ጥቁር ቦርሳ!

ኩሽና ስገባ ማሂ አለች። ከወትሮው የተለየ ነገር ፊቷ ላይ አየሁ። ዓይኔን አታይም፣ ግን በሄድኩበት ትከተለኛለች። ማታ ብሩክ ተመልሶ ለሥራ ሊወጣ ሲል ሁለቱ ኮሪደሩ ላይ በሹክሹክታ ሲያወሩ ደረስኩባቸው፤ ሲያዩኝ ዝም አሉ። እሱ ጫማውን ማሰር ጀመረ፣ እሷ ስልኳን ማየት ጀመረች። ነገር በዓይን ይገባል አሉ። ሁለቱም አሉበት ማለት ነው አልኩ። እሱ ሊሸጥ፣ እሷ ሽጉጥ ስለምትጠላ ከቤት እንዲወጣላት። እንዲያ ስለው ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ።

ጌታሁን ሲገባ መኝታ ቤት ወስጄ ነገርኩት። ሲሰማ ቀለሙ ጠፋ። ብሩክን እንደምጠረጥር ስነግረው ግን ተቆጣ። ልጁ ገና አገሩን አልለመደም፣ የሽጉጥ ሌባ ተብሎ ፖሊስ ፊት ከቀረበ ግሪን ካርዱም ሥራውም ገደል ይገባል አለኝ። እናቱ አደራ ብላ ነው የላከችው። እኔስ? ነገ በድንቡሼ ሰው ቢሞት እኔስ የማን አደራ ነኝ? ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ እስከ ጠዋት ልጠብቅ፣ ጠዋት ካልመጣች ግን እደውላለሁ ብዬ ማልኩ።

ጌታሁን ከመተኛቱ በፊት ማሂ በሩን አንኳኳች። እናቷ ቤት ዕቃ ስለረሳች አባቷ እንዲያደርሳት፣ ከመሸም እዚያው አካባቢ ጓደኛው ጋ እንዲያድር ነው የምትለው። ነገ ሰርግ አለብን፣ አበደች እንዴ ብዬ ተናገርኳት። ተመልሳ ሶፋው ላይ ተኛች።

ቅዳሜ ጠዋት ብሩክ ከሥራ ሲገባ ጠብቄ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰብኳቸው። ጌታሁን ሱቱን ለብሶ ክራቫቱን በእጁ ይዟል። ማሂ አጠገቡ ተለጥፋ ተቀመጠች። ሳላንዛዛ ተናገርኩ። ሽጉጤ ጠፍቷል፣ የወሰደው ከዚህ ቤት ሰው ነው፣ አሁን ካልመጣ ፖሊስ ኮል አደርጋለሁ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ማንንም በስሙ አልጠራሁም። ዓይኔ ግን ከብሩክ ላይ አልተነሳም።

ብሩክ ሞኝ አይደለም። ቀስ ብሎ ተነሳና ክፍሉ ገባ። ሻንጣውንና ያንን ጥቁር ቦርሳ ይዞ ወጣ። ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ዚፑን ከፈተና ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። የታጠፉ ካልሲዎች፣ የውስጥ ልብስ፣ ፎጣ፣ የእናቱ ፎቶ፣ የሥራ ዩኒፎርም። ለሰርጉ የገዛው አዲስ ሸሚዝ ከነመርፌዎቹ ተጨማትሯል። ከጥቁሩ ቦርሳ የታጠበ ልብስ ወጣ፤ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ልብሱን ለምን ውጭ እንደሚያጥብ ጌታሁን ጠየቀው። ብሩክ ቀና ሳይል መለሰ። አንድ ቀን እኔ ማሽኑ በየቀኑ እየሠራ ነው፣ ውሃው ጉድ ሊያፈላ ነው ብዬ ስናገር ሰምቶ ኖሯል። ላስቸግር አልፈለግኩም አለ። እኔ ያንን የተናገርኩት ለማሂ ነበር። ጆሮዬ ድረስ ጋለብኝ፤ ግን ጥርጣሬ ክፉ ነው፣ ያኔም እንኳን ዓይኔ ሻንጣው ውስጥ ሽጉጥ ይፈልግ ነበር።

ብሩክ ባዶውን ሻንጣ ገልብጦ አራገፈልኝ። ከዚያ ቀና አለ።

«እትዬ፣ ሌባ ከሆንኩ ፖሊሱን ራሴ ልጥራልዎ» አለኝ። ያኔም «እርስዎ» ማለቱን አልተወም።

ይህን ሲል ማሂ ብድግ አለች። «ስቶፕ ኢት! እሱ አይደለም!» አለችና ወደ ክፍሏ ሮጠች። የክረምት ጫማዋን ካርቶን ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ካርቶኑ ውስጥ ፎጣ፣ ፎጣው ውስጥ ድንቡሼ፣ እርቃኗን እንደሆነች። እጄን ስዘረጋ ማሂ በእኔና በአባቷ መሀል ገብታ ቆመች።

ሽጉጧን ከፍቼ ባዶ መሆኗን አየሁና አስቀመጥኳት። ከማን ደብቀሽ ነው፣ ለምን ወሰድሽ አልኳት።

«ከአንቺ» አለችኝ። «ዳዲን ልትተኩሺው ነበር። ለኤልሳ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ሰለቸኝ አልሽ። ጌታሁንን ዛሬ ተኩሼ እገላገላለሁ አልሽ።»

ቀድሞ የገባው ለጌታሁን ነው። ወደ ታች አየ፣ ሱሪው ላይ ምላጭ የመሰለውን መስመር አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ። «ተኩሳኛለች እኮ! ይኸው፣ ከላይ እስከ ታች ተኩሳኛለች!» እያለ ሶፋው ላይ ወደቀ። ብሩክም የተበተነው ልብሱ መሀል እንደተንበረከከ አፉን ይዞ ሳቀ። ማሂ አንዴ አባቷን አንዴ ብሩክን እያየች ምን ያስቃል እያለች ታለቅስ ጀመር።

መኝታ ቤት ገብቼ ካውያውን አመጣሁላት። የምተኩስበት ይሄ ነው ስላት «አይረን ነዋ» አለችኝ። ልክ ናት። እኛ ቤት ካውያ የሚል የለም፣ ልብስ ተኮሰ የሚል የለም። «አይረን አድርጊልኝ»፣ «አይረን አደረግኩት» ነው የምንለው። የሰፈር አማርኛዬ የሚመለሰው ከኤልሳ ጋር ሳወራ ብቻ ነው። ልጅቷ ተኩስ የሚለውን ቃል የምታውቀው ከቅዳሜ ልምምዴና አባቷ ከሚከፍተው የጦርነት ዜና ነው። በአማርኛ ሱሪም እንደሚተኮስ ማን ነግሯት?

በዚያ ላይ ለሷ የማይታያት ነገር ነበር። እኔ ያልኩት «የጌታሁንን» ነው፣ የእሱን ሱት ማለቴ ነው። እሷ የሰማችው «ጌታሁንን» ነው። አንዲት «የ» ጠፍታባት ባሌን ልገድለው! ደግሞም በሰው ላይ ይተኮስበታል እንጂ ሰው እንደ ሸሚዝ አይተኮስም ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ብሩክ «እትዬ፣ አሁን ሰዋስውን ተዉት» አለኝ። ማሂ እንባዋን እየጠረገች ሁለቱን በአንድ ቃል የሚጠራ ቋንቋ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው አለች። አሁን ሁላችንም ሳቅን።

እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ደረቀ። ቃሉን አለማወቋ ገብቶኛል። ያልዋጥኩት ሌላ ነበር።

«እሺ ቃሉን አላወቅሽም። ግን እኔ አባትሽን የምገድል ሰው መስዬሽ ነው?» አልኳት።

በዚያ በጓዳ አማርኛዋ፣ ቃል እየፈለገች እንዲህ አለችኝ።

«አላውቅም ነበር። ተሳስቼ ብትጠይኝ ይሻላል። ልክ ሆኜ ዝም ብልስ?»

ምን ልበላት? በልጅነቷ የምትጠረጥሩት ነገር ካለ ዝም አትበሉ እያሉ ዴስክ ሥር ያሳደጓት ልጅ ናት። ሁለት ሌሊት ሶፋ ላይ የተኛችው አባቷን ከእኔ ልትጠብቅ ነው። ኮሪደሩ ላይ ከብሩክ ጋር የተንሾካሾከችው አባቴና እሷ ተጣልተዋል ወይ ብላ ልትጠይቀው ነው። ጓደኛው ጋ ይደር ያለችው ከእኔ ልታርቀው ነው። ኩሽና በጣልኩት ቁልፍ ሣጥኑን ከፍታ ድንቡሼን ብቻ የወሰደችውም፣ ሁልጊዜ እጄ ላይ የምታያት እሷን ስለሆነ ነው። እኔ እሷን ስጠረጥር እሷ እኔን ስትጠረጥር አንድ ኩሽና ውስጥ ስንተላለፍ ከረምን።

ቀጥላ ያለችው ደግሞ ባሰ። በእንግሊዝኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንቺስ ብሩክ ሌባ ነው ብለሽ አምነሽ አልነበር ወይ አለችኝ። እሱ አንድ ክፉ ቃል እንኳን ሲናገር ሰምተሻል ወይ አለችኝ።

ብሩክ ልብሱን እየሰበሰበ ነበር። ያንን የተጨማተረ አዲስ ሸሚዝ ከእጁ ወሰድኩት። «ይተዉት እትዬ፣ እንዲሁ እለብሰዋለሁ» አለኝ። አልሰማሁትም። ጠረጴዛውን ዘርግቼ፣ መርፌዎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ፣ አንገትጌውን፣ እጅጌውን፣ ደረቱን ተኮስኩለት። ይቅርታ ለማለት አፌ አልታዘዘልኝም ነበር፤ ሸሚዙን ሳቀብለው ነው ያልኩት። «ምንም አይደል እትዬ» አለኝ። ማሂ ቆማ ስታይ ነበር። አራታችንም በአንድ መኪና ሰርጉ ሄድን።

ሰርጉ ላይ ጌታሁን ወሬውን ሳይውል ሳያድር ዘራው። እስከ ዛሬ የሚያገኘኝ ሁሉ «ሰናይት፣ ጌታሁንን ተኮስሽው ወይስ ገና ነው?» ይለኛል። እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ?

ብሩክ አሁንም እኛ ጋ ነው ያለው። ቂም የለውም፣ ቢኖረውም አያሳይም። ማሽኑ የቤቱ ነው፣ ውሃውም ይፍሰስ፣ በፈለግክበት ቀን እጠብበት ብዬ ደጋግሜ ለምኜዋለሁ። «እሺ እትዬ» ይላል። ዓርብ ሲደርስ ግን ያንን ጥቁር ቦርሳ ትራንኩ ውስጥ ከቶ ይወጣል። መስኮት ላይ ቆሜ ሳየው ሆዴ ይባባል፤ በሱ በኩል ያበላሸሁትን ካውያ እንደማያቃናው አውቄዋለሁ።

ድንቡሼ ማድሮናዋን ለብሳ አምሮባታል። የሣጥኑን ቁልፍ ግን እኔ አልይዘውም። ከሰርጉ በማግስቱ ከቀለበቱ ፈትቼ ለማሂ ሰጠኋት። አልፈልግም አለች፤ ያዢው አልኳት። ጌታሁን የሽጉጥሽን ቁልፍ ሽጉጥ ለምትጠላ ልጅ ትሰጫለሽ ብሎ ተገረመ። ከእሷ የተሻለ ጠባቂ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በየቅዳሜው በሯን አንኳኩቼ ቁልፍ እለምናለሁ። «ምን ልታደርጊ ነው?» ትለኛለች። «ልተኩስ።» «ሱሪ ነው?» ትለኛለች እየሳቀች። አይደለም፣ ዒላማ ላይ ነው እላታለሁ፤ «ላይ» የምትለዋን አጥብቄ። ቁልፉን መዳፌ ላይ ከማስቀመጧ በፊት ግን አንድ አፍታ ሳቋን አቁማ ዓይኔን ታየኛለች። ያን ጊዜ እኔም ዓይኔን ሳልሰብር ቆሜ እታይላታለሁ። አልቀየማትም። ጌታሁን እንዲህ የሚቆምለት ሰው አለው፤ እኔም አንድ ቀን እንዲሁ እንድትቆምልኝ ነው የምመኘው።